ጆሮአችሁን ስትጠራጠሩ፦ ኦዲዮሎጂስት ጋ እንዴት እንደሚኬድ

እኔ ሥራዬ ድምፅ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሚክሰር ኋላ ቆሜ የባንድ ድምፅ ሳስተካክል ነው። በእኛ ሙያ ደግሞ ጆሮውን የሚመረመር ሰው እምብዛም አታገኙም። አንዱን "ጆሮህ ደህና ነው?" ብትሉት ይቀየማችኋል። ሹፌርን "ዓይንህ ያያል ወይ?" ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ስለዚህ ሁሉም ዝም ይላል። ዝም ብሎ ትሬብሉን፣ ቀጭኑን ድምፅ፣ ከፍ ያደርጋል።

እኔንም ለምርመራ ያበቃኝ ትሬብል ነው። ረዳቴ በየመድረኩ "ጋሼ፣ ሲምባሉ ጆሮ አልበሳም?" ማለት አበዛ። ለእኔ ምንም አይበሳም። ቤት ደግሞ ባለቤቴ ከሌላ ክፍል ስትጠራኝ ድምጿ ይሰማኛል፤ ምን እንዳለች ግን አልይዘውም። ሁለቱን አገናኘሁና ኦዲዮሎጂስት፣ ማለትም መስማትን የሚለካ ባለሙያ፣ ጋ ቀጠሮ ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እሄዳለሁ። ስንቱን የሙያ ጓደኛዬንም ጎትጉቼ ልኬያለሁ። እዚህ የምጽፈው ለእነሱ በስልክ ስነግራቸው የኖርኩትን ነው።

የድምፅ ሰው ባትሆኑም ይመለከታችኋል። ግራይንደር፣ የእንጨት መሰንጠቂያ፣ ጄኔሬተር፣ ተኩስ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጆሮ ላይ የሚውል ኢርፎን፣ ሁሉም የሚጎዱት አንድ ቦታ ነው። ነገሩ አዲስም አይደለም። ቶማስ ባር የሚባል የግላስጎው የጆሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1886 የእንፋሎት ቦይለር የሚሠሩ 100 ሰዎችን ጆሮ በሰዓት ቲክ-ቲክታ መርምሮ ነበር። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጡ የሚውሉ ናቸው። አብዛኞቹ ስብሰባ ላይ ተናጋሪ መስማት የሚቸግራቸው ሆነው ተገኙ።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገር

ሌላውን ከማንበባችሁ በፊት ይህን ያዙልኝ። አንድ ጆሮ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ፣ ድፍን ካለ ነገ ዛሬ አትበሉ። ጠዋት ስትነሱ ወይም ስልክ ጆሮአችሁ ላይ ስታደርጉ ልታውቁት ትችላላችሁ። ሰው "ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል" ይላል፤ "ውሃ ገብቶበት ነው" ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን የውስጥ ጆሮ ድንገተኛ ጉዳትም ሊሆን ይችላል። እሱ በስቴሮይድ ይታከማል፤ ሕክምናው ደግሞ የሚረዳው ቶሎ ሲጀመር ነው። ሳምንታት ካለፉ ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። የዚያኑ ዕለት አንገት በላይ ሐኪም ጋ፣ እሱ ካልተገኘ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ከጆሮ ፈሳሽ ወይም ደም ከወጣ፣ ኃይለኛ ሕመም ካለ፣ ቤቱ የሚዞርባችሁ ከሆነ፣ የፊታችሁ አንድ ጎን ከዛለ፣ ወይም ጆሮአችሁ ውስጥ ያለው ድምፅ ከልብ ምታችሁ ጋር እኩል የሚመታ ከሆነም መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ። ኦዲዮሎጂስቱ ይደረስበታል።

ማን ጋ ነው የሚኬደው?

ብዙ ሰው ሦስት ባለሙያዎችን ያምታታል። አንገት በላይ ሐኪም በሽታውን ያክማል፤ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ይሠራል። ኦዲዮሎጂስት መስማታችሁን ይለካል፣ ጉዳቱ የቱ ጋ እንደሆነ ይለያል፣ የመስሚያ መሣሪያ ይመርጣል፣ ያስተካክላል፣ ጆሮን ስለመጠበቅ ያማክራል። ሦስተኛው መሣሪያ ሻጭ ነው። ሻጭ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ግን ሥራው መሸጥ ነው።

አንዴ አንድ መሣሪያ የሚሸጥበት ቤት ገብቼ ነበር። በሩ ተከፍቶ፣ ደንበኛ እየገባ እየወጣ፣ ጆሮዬ ላይ ሄድፎን ደቀኑና ጥቂት ድምፅ አሰሙኝ። ወዲያው "ለሁለቱም ጆሮ ያስፈልግዎታል" ተባልኩ። ጆሮዬን ቀርቦ ያየ የለም። ምን እንደምሠራ የጠየቀ የለም። አመስግኜ ወጣሁ። ድምፅ በማይገባበት ክፍል ያልተለካ መስማት በቅጡ ተለካ አይባልም። በተለይ ዝቅተኛዎቹን ድምፆች የውጭው ጫጫታ ይሸፍናቸዋል።

ከመሄዳችሁ በፊት

ትልቁ ዝግጅት ዝምታ ነው። ከምርመራው በፊት ቢያንስ 14 ሰዓት ከጩኸት ራቁ። ሄድፎንም ይቅር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከከባድ ጩኸት በኋላ ጆሮ ለጊዜው ይደነዝዛል፤ ከሰዓታት እስከ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ይመለሳል። ሌሊቱን መድረክ ላይ አድራችሁ ጠዋት ብትመረመሩ የሚለካው ድካሙ ነው። የትኛው ጉዳት ቋሚ፣ የትኛው ጊዜያዊ እንደሆነ አይለይም። እኔ ቀጠሮ የምይዘው ሥራ ከሌለኝ ምሽት ማግስት፣ በጠዋት ነው።

ጆሮአችሁን አታጽዱ። የጥጥ እንጨት ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ የጆሮ ታምቡር ላይ ይጠቀጥቀዋል። ኩክ ካለ ባለሙያው አይቶ ያወጣዋል ወይም ወደሚያወጣ ይልካችኋል። አፍንጫችሁ ተደፍኖ ጆሮአችሁም አብሮ ከታፈነ ደውላችሁ ንገሯቸው፤ ቀጠሮውን ሊያሸጋሽጉት ይችላሉ። ድንገተኛው ዓይነት ካልሆነ ማለቴ ነው።

ከዚያ ወረቀት አውጡና ጻፉ። በቃል እናገራለሁ አትበሉ፤ እዚያ ስትደርሱ ይጠፋል። የሚጻፈው ይህ ነው፦ ምን ዓይነት ጩኸት፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ለስንት ዓመት፣ ከየትኛው ወገን። የመጨረሻዋ ነገር ቀላል እንዳትመስላችሁ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ጠመንጃ ተኳሽ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ግራ ጆሮው ነው፤ አፈሙዙ ወደ ግራው ይቀርባል፣ ቀኙን ደግሞ የራሱ ጭንቅላት ይጋርደዋል። ቫዮሊን ተጫዋችም ግራው ነው። እኔ ከበሮው ሁልጊዜ በግራዬ ነበር።

የምትወስዱትንና የወሰዳችሁትን መድኃኒት ጻፉ። ጄንታማይሲን፣ አሚካሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ለካንሰር የሚሰጠው ሲስፕላቲን የውስጥ ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉ። ብዙ አስፕሪን ደግሞ ጆሮን ያስጮሃል። ይህን አንብባችሁ መድኃኒት እንዳታቋርጡ፤ መጻፍ ብቻ ነው። በልጅነት ጆሮ ይመግል ነበር? በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ መስማት ያቃተው አለ? ጭንቅላታችሁን ተመታችሁ ታውቃላችሁ? ጆሮአችሁ ይጮሃል? የቱ? ሁልጊዜ ወይስ ማታ ማታ?

ከተቻለ አብሯችሁ የሚኖር ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እኛ "እሰማለሁ" እንላለን። ቴሌቪዥኑ ስንት ላይ እንደሚከፈት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ክፍሉ ውስጥ

መጀመሪያ ኦዲዮሎጂስቷ በመብራት የጆሮአችሁን ውስጥ ታያለች፤ የእኔዋ ሴት ነች። ከዚያ ለስላሳ ጫፍ ያላት ነገር ጆሮአችሁ ላይ ትደፍናለች፤ ትንሽ ግፊት ይሰማችኋል፣ አውሮፕላን ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት። ይህ የታምቡሩን መንቀሳቀስ የሚለካ ነው። ከኋላው ፈሳሽ ካለ ወይም ታምቡሩ ቀዳዳ ካለው ይታወቃል። ምንም አታድርጉ፤ አታውሩ፣ አትዋጡ።

ቀጥሎ ወደ ትንሿ ክፍል። በሩ ወፍራም ነው፤ ሲዘጋ የራሳችሁን ምራቅ ስትውጡ ትሰማላችሁ። ጆሮው የሚጮህበት ሰው እዚህ ጋ ይደነግጣል፤ ጩኸቱ ይጎላል። አትጨነቁ፤ ግን ንገሯት። ቲት-ቲት-ቲት እያለ የሚቆራረጥ ወይም የሚወዛወዝ ድምፅ ልትጠቀም ትችላለች፤ ከጆሮአችሁ ጩኸት በቀላሉ ይለያል። መነጽርና ጉትቻ አውልቁ። ስልክ ዝጉ። ቀዩ ለቀኝ፣ ሰማያዊው ለግራ ጆሮ ነው።

እጃችሁ ላይ አንድ ቁልፍ ትሰጣችኋለች። ድምፅ ሲሰማችሁ ትጫናላችሁ። እዚህ ጋ ነው የሙያ ጓደኞቼ የሚያበላሹት። እንደ ፈተና ያዩታል፤ ማለፍ ይፈልጋሉ። የሷን እጅ በመስታወት ይሰርቃሉ፣ ምቱን ቆጥረው በግምት ይጫናሉ። ሌሎቹ ደግሞ ይጠነቀቃሉ፤ ጥርት ብሎ ካልተሰማቸው አይጫኑም። ሁለቱም ውጤቱን ያጣምሙታል። የምትፈልገው ድምፁ ከመኖር ወደ አለመኖር የሚያልፍባትን ጫፍ ነው። ሲሰማችሁ በ10 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ትቀንሳለች፤ ሳይሰማችሁ ሲቀር በ5 ትጨምራለች፤ እንዲህ እየወጣችና እየወረደች ጫፉን ታገኘዋለች። ስለዚህ "አለ መሰለኝ" ካላችሁ ተጫኑ። የለም ካላችሁ ተዉት። አብዛኛውን ጊዜ አለመስማታችሁ የጆሮአችሁ ችግር አይደለም፤ የምርመራው አሠራር ነው።

የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ በ1000 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው)፣ ደህና በሚሰማው ጆሮ ነው። ከዚያ ወደ ላይ፣ 2000፣ 4000፣ 8000፤ ከዚያ ተመልሶ 1000ን ደግሞ ወደ ታች፣ 500፣ 250። እኔ በሙያዬ ድምፆቹን በስም አውቃቸዋለሁ። 2 ኪሎ፣ ማለትም 2000 ሄርዝ፣ ሲያልቅ ቀጣዩ 4 ኪሎ መሆኑን አውቄ ጠበቅኩ። በቀኙ መጣ። በግራው ስጠብቅ ዝምታው ረዘመ። አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። በመስታወቱ ወዲያ እጇ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ እየጨመረች ነው። ምንም የለም። ከዚያ በጣም ከሩቅ፣ ቀጭን ሆኖ መጣ። ውጤቱን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ቀጥሎ ሄድፎኑ ይነሳና ከጆሮ ኋላ ያለው አጥንት ላይ ትንሽ ነዛሪ ነገር ይደረጋል። ድምፁ በአጥንት በኩል ቀጥታ ወደ ውስጥ ጆሮ ይሄዳል። ይህን እንዳትዘሉት፤ ካልተደረገ ጠይቁ። በአየር የመጣው ደካማ ሆኖ በአጥንት የመጣው ደህና ከሆነ ችግሩ ከውጭ ወይም ከመካከለኛው ጆሮ ነው፤ ኩክ፣ ፈሳሽ፣ ታምቡር፣ ትንንሾቹ አጥንቶች። ብዙው ይታከማል። ሁለቱም እኩል ከወረዱ ጉዳቱ ውስጥ ጆሮ ወይም ነርቩ ላይ ነው። የጩኸት ጉዳት እዚህ ነው የሚገባው። መሀል ላይ በአንደኛው ጆሮ እንደ ንፋስ ያለ "ሽሽሽ" ብትለቅባችሁ ግራ አትጋቡ፤ ያኛው ጆሮ እንዳያግዝ እያዘናጋችው ነው።

በመጨረሻ ቃላት ትሰማላችሁ፤ የሰማችሁትን ትደግማላችሁ። ቃላቱ በምትናገሩት ቋንቋ መሆናቸውን አረጋግጡ። በማትችሉት ቋንቋ ከተመረመራችሁ የሚለካው ጆሮአችሁ ሳይሆን ትምህርታችሁ ነው።

ወረቀቱ

ኦዲዮግራም ይባላል። ቅጂውን ሳትይዙ አትውጡ። "ፋይል ላይ አለ" ቢሏችሁም ጠይቁ፤ ቢያንስ በስልክ ፎቶ አንሱት።

ከግራ ወደ ቀኝ የድምፁ ቅጥነት ነው፤ ባሱ ግራ፣ ትሬብሉ ቀኝ። ከላይ ወደ ታች የድምፁ ጉልበት በዴሲቤል ነው። ግር የሚያሰኘው እዚህ ጋ ነው፤ መስመሩ ወደ ታች በወረደ ቁጥር መስማታችሁ እየደከመ ነው። ቀይ ክብ ቀኝ ጆሮ፣ ሰማያዊ ኤክስ ግራ ጆሮ። ላይ ያለው ዜሮ ፍጹም ዝምታ አይደለም፤ ጤነኛ ወጣት በአማካይ መስማት የሚጀምርበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከዜሮ ያነሰ ድምፅ የሚሰማም አለ።

"ስንት ፐርሰንት እሰማለሁ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ዴሲቤል ፐርሰንት አይደለም፤ 40 ዴሲቤል ማለት 40 በመቶ ጠፋ ማለት አይደለም። በፐርሰንት የሚነገረው የቃላቱ ውጤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አመዳደብ ከ20 ዴሲቤል በታች ደህና ነው። ከ20 እስከ 35 ቀላል፣ ከ35 እስከ 50 መካከለኛ፤ ከዚያ እየከበደ ይሄዳል። የሚታየው በተሻለው ጆሮ ነው። ሌሎች ባለሙያዎች 25ን መነሻ የሚያደርግ የቆየ አመዳደብ ይጠቀማሉ። ስሙ ላይ አትጣሉ፤ ቅርጹን እዩ።

ቅርጹ ነው ነገሩ። የጩኸት ጉዳት 3000፣ 4000 ወይም 6000 ሄርዝ ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ 8000 ላይ መስመሩ ተመልሶ ከፍ ይላል። የዕድሜ ከሆነ መመለስ የለም፤ እስከ 8000 ቁልቁለት ነው። ጩኸቱ ወፍራም፣ የባስ ድምፅ ቢሆን እንኳ ጉድጓዱ ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። ለምን? የጆሮ ቀዳዳችን በቅርጹ ምክንያት 3000 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጎላዋል፤ ጉዳቱ ደግሞ ጉልበት ካረፈበት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚያርፈው። ውስጥ ጆሮ ቀንድ አውጣ የመሰለ ጥምዝምዝ ነው። ቀጫጭኑ ድምፅ መግቢያው ላይ፣ ወፍራሙ ጫፉ ላይ ይሰማል። እዚያ ውስጥ ድምፁን የሚቀበሉ ፀጉር መሳይ ሴሎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ጆሮ በግምት 15,000። ወፍ ጆሮ ውስጥ ቢሞቱ ተመልሰው ይበቅላሉ። የሰው አይበቅሉም።

ጉድጓዱ በኑሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ የገባኝ ወረቀቱን ካየሁ በኋላ ነው። አናባቢዎቹ ወፍራምና ጉልበተኞች ናቸው፤ ይሰማሉ። "ሰ"፣ "ፈ"፣ "ሸ"፣ "ተ" ቀጫጭንና ደካሞች ናቸው፤ እነሱ ይጠፋሉ። "ሠራ" ይሁን "ፈራ" ይለያችኋል ማለት ዘበት ነው፣ በተለይ ጫጫታ ካለ። ለዚህ ነው "እሰማለሁ፣ ግን አይገባኝም" የምንለው። ሰውም ሲጮህልን የሚጎላው የተሰማው ክፍል ነው፤ ያልተሰማው ያው አይሰማም። ፊት ለፊት ሆኖ ረጋ ብሎ መናገር ይሻላል።

በሁለቱ ጆሮ መካከል ጎላ ያለ ልዩነት ካለ "ሥራህ ነው" ተብሎ እንዳይታለፍ። እኔን ከበሮው በየትኛው ወገን እንደነበር ጠየቀችኝ። "በግራዬ" አልኳት። "ይገጥማል። ግን በዚህ ብቻ አልዘጋውም፤ ሐኪም ይይዎትና ያረጋግጥ" አለችኝ። ከጆሮ ነርቭ ላይ የሚበቅል፣ ካንሰር ያልሆነ እጢ አልፎ አልፎ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ ምንም የለም። እንዲህ የምትጠራጠር ባለሙያ ስታገኙ አትልቀቁ።

"ኖርማል ነው" ቢሏችሁስ?

ወረቀቱ ቀጥ ብሎ፣ እናንተ ግን ሰው በተሰበሰበበት የማትሰሙ ከሆነ እብደት አይደለም። የቲት-ቲቱ ምርመራ ሁሉን አይዝም። እ.ኤ.አ. በ2009 ኩጃዋና ሊበርማን የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦች ላይ ያዩት አለ። ከጩኸት በኋላ የአይጦቹ መስማት ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ሴሎቹም አሉ። ከነርቩ ጋር የሚያገናኟቸው መጋጠሚያዎች ግን ብዙዎቹ ጠፍተው ነበር። በሰው ላይ ምን ያህል እንደሆነ ገና እየተከራከሩበት ነው።

ስለዚህ በጫጫታ ውስጥ ንግግር የመስማት ምርመራ ጠይቁ። ከ8000 በላይ፣ እስከ 16,000 ሄርዝ የሚለካ መሣሪያ ካላቸው እሱንም። ሌላም አለ። ጤነኛ ውስጥ ጆሮ ድምፅ ሲሰማ እሱም መልሶ ደቃቅ ድምፅ ያወጣል! ዴቪድ ኬምፕ እ.ኤ.አ. በ1978 እስኪያሳይ ድረስ ይህን የሚያምን ጥቂት ነበር። አሁን በትንሽ ማይክሮፎን ይቀዱታል። ጆሮዬ ስፒከር መሆኑን ስሰማ ሳቄ ነው የመጣው። ምርመራው ቁልፍ መጫን የለውም፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ ጉዳቱ ኦዲዮግራም ላይ ከመውጣቱ በፊት ምልክት ሊሰጥ ይችላል።

የስልክ መተግበሪያዎችስ? ለመጠራጠር ይረዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው በጫጫታ መሀል ቁጥር የሚያሰማ ነጻ መተግበሪያ አለ። ዝቅ ያለ ውጤት ካመጣችሁ ቀጠሮ ያዙ። ጥሩ ውጤት ግን አያዘናጋችሁ።

ከምርመራው በኋላ የምትጠይቁት

እኔ እነዚህን አልተውም፦ ጉዳቱ የቱ ጋ ነው? የጩኸት ይመስላል ወይስ ሌላ? ሐኪም ማየት አለብኝ? መቼ ልመለስ? ሥራዬን ስቀጥል ጆሮዬ ላይ ምን ላድርግ?

የመስሚያ መሣሪያ ካሉ አትሸማቀቁ፤ ሼም የለውም። ግን በወረቀታችሁ ልክ መስተካከል አለበት። ሲያስተካክሉ ቀጭን ቱቦ ጆሮ ውስጥ አስገብተው ታምቡሩ ጋ የሚደርሰውን ድምፅ የሚለኩበት መንገድ አለ፤ ያደርጉት እንደሆነ ጠይቁ። ለሙከራ ወስዶ መመለስ ይቻል እንደሆነም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የወረቀት ኮሽታና የሳህን ድምፅ ያናድዳል። አንጎል እስኪለምድ ነው።

ጆሮአችሁ የሚጮህ ከሆነ ጩኸቱን የሚያጠፋ የተረጋገጠ ክኒን እስካሁን የለም። "አለኝ" የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ጠብቁ። የሚረዳው ሌላ ነው፤ መስማት ከቀነሰ መሣሪያው ራሱ፣ ማታ ዝቅ ያለ የዝናብ ወይም የማራገቢያ ድምፅ፣ ከጭንቀቱ ጋር የሚሠራ የሥነ ልቦና ሕክምና። ሞት የመሰለ ዝምታ ጩኸቱን ያጎላዋል።

ያለውን ማቆየት

ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም 85 ዴሲቤልን በቀን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ከሆነ 4 ሰዓት። 91 ከሆነ 2። 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ! ሞንታርቦ አጠገብ 100 ብርቅ አይደለም። ሳውንድ ቼክ፣ ከዝግጅቱ በፊት ድምፅ ስንሞክር፣ ብቻ የቀኑ ድርሻችን ያልቃል።

የስፖንጁ የጆሮ መሰኪያ ይሠራል፤ አገባቡን ካወቃችሁበት። በጣታችሁ አሽታችሁ ቀጭን አድርጉት። በሌላው እጃችሁ በጭንቅላት ኋላ ዞራችሁ ጆሮአችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ። አስገቡና እስኪነፋ 30 ሴኮንድ ያህል በጣት ያዙት። ከውጭ ግማሹ ተንጠልጥሎ ከታየ አልገባም። ጥጥ ወይም ሶፍት ወትፎ "ዘግቻለሁ" ማለት ግን ራስን ማታለል ነው።

ሙዚቃ ለምንሠራ ስፖንጅ ትሬብሉን ይበላዋል፤ ለዚህ ነው ብዙው ሰው አውልቆ የሚጥለው። ለሙዚቀኛ የሚሠሩት መሰኪያዎች ባስና ትሬብሉን እኩል በ9፣ በ15 ወይም በ25 ዴሲቤል ይቀንሳሉ። ኦዲዮሎጂስቷ ጆሮአችሁ ውስጥ ለስላሳ ነገር ሞልታ ቅርጹን ወስዳ በልካችሁ ታሠራላችኋለች። እኔ 15ቱን ነው የማደርገው። የመጀመሪያው ምሽት ባዳ ባዳ ይላል፤ ሚክስ የምታበላሹ ይመስላችኋል። ረዳታችሁን ሁለተኛ ጆሮ አድርጉት።

ምርመራው በየዓመቱ ይሁን፤ ጩኸት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ። የ5 ዴሲቤል ለውጥ ካያችሁ አትደንግጡ፤ ያው ሰው በማግስቱ ቢመረመር ያን ያህል ሊዋልል ይችላል። በ2000፣ በ3000 እና በ4000 ሄርዝ አማካዩ ከመጀመሪያው ወረቀት በ10 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ግን አሠራራችሁ መለወጥ አለበት። በአሜሪካ የሥራ ቦታ ደንብ አሠሪው እርምጃ እንዲወስድ የሚገደደው በዚሁ መጠን ነው። ይህን ማወዳደር የሚቻለው የመጀመሪያው ወረቀት ካለ ነው። ስለዚህ ጆሮአችሁ ደህና ነው ብላችሁ የምታስቡትም አንዴ ተመርመሩና ወረቀቱን አስቀምጡ። ባለሙያ ብትቀይሩ አሮጌዎቹን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀኑ፣ የባለሙያው ስምና የመሣሪያው ዓይነት ወረቀቱ ላይ መጻፉን እዩ።